«ግቡ» ያለው አፍ

ባለቤቴን ከአልጋ ለማንሳት አራት ሰው ያስፈልጋል። በሦስት ሞክረነው እኔ ትከሻዬን ይዞኝ ቀረ፣ እሱም ወደ ግድግዳው ተንከባሎ ጭንቅላቱን ተመታ። ጎሚስታ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ለጥፎ፣ ነፍቶ መልሶ የሚገጥም ሰው። ሰፈሩ «ቁምሳጥን» ይለዋል። ቁምሳጥን ሲወድቅ እንግዲህ ማን ያነሳዋል?

የወደቀው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ጎማ እየነፋ ሳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ሰንብቶ ቤት ሲገባ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ ሰው ዕቃ አብረውት መጡ እንጂ የእሱ አልነበሩም። ምላሱም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉ ወሬው የተረፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ግቡ»።

የጎማ ሱቅ በሩ አይዘጋም። ጠዋት የብረት መዝጊያውን ሽቅብ ከወረወረው እስኪመሽ ክፍት ነው። ጎማው የተነፈሰበትም፣ መንገድ የጠፋውም፣ ዝናብ ያባረረውም ሲመጣ ሰላምታው «ግቡ፣ ግቡ» ነበር። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ አፍ ዕድሜ ልኩን የለመደው ቃል አንዳንዴ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ይተርፋል አለ። ውሃ ሲጠማው «ግቡ»። ሲያመው «ግቡ»። ድመቷ አልጋው ላይ ስትዘልበት «ግቡ!» ብሎ ይቆጣታል። እኔ በድምፁ መለየት ለምጃለሁ፤ ወፈር ካለ ተናዷል፣ ሳብ ካለ ሆዱን አሞታል። ጭንቅላቱ ግን ሙሉ ነው። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። ሬዲዮ ላይ ቀልድ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ይስቃል። እህቴ ሰው ስታማ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ ያዳምጣል፤ ወሬው ካልጣመው ፊቱን ያዞርባታል።

እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ። የመኪና ሸራ፣ የሱቅ ደጃፍ ጥላ፣ የዕቃ መሸፈኛ እሰፋለሁ። ታናሽ እህቴ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች፤ እዚያ ነርሶቹ ከባድ በሽተኛ እንዴት እንደሚያነሱ አይታ መጣች። ጠንካራ ጨርቅ ከሥሩ ይነጠፋል፤ አራት ሰው አራቱን ማዕዘን ይይዛል፤ አንዱ ይቆጥርና እኩል ይነሳል። ያን ጊዜ ሳይጎተት፣ ቆዳው ሳይፋቅ ይነሳል ማለት ነው። እኔም ለስላሳውን ሸራ ድርብ አድርጌ፣ በየማዕዘኑ እጀታ ሰፍቼ አዘጋጀሁ። አራቱ ሰዎች እኔ፣ እህቴ፣ ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ እና ረዥሙ ነን። ረዥሙ ከባለቤቴ ጋር ሱቁን የሚጋራ ነበር፤ አሁን ብቻውን ጎማ ይለጥፋል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ እናነሳዋለን፣ አጥበነው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ትንሽ ሲያርፍ እንመልሰዋለን። ይህ ካልሆነ የአልጋ ቁስል ያወጣል። የአልጋ ቁስል ደግሞ አጥንት ድረስ ይበላል፤ ሆስፒታል አጠገቡ የተኛው ሰውዬ በሱ ነው የሞተው። ባለቤቴም እያየው ነበር።

ከዚያ ተላላፊው በሽታ አገር ውስጥ ገባ፣ እሱን አዋጅ ተከተለው። በመኖሪያ ቤት ከቤተሰብ ውጪ ሰው መሰብሰብ ክልክል ሆነ። ለታመመ አንድ አስታማሚ ከውጭ ይፈቀዳል ተባለ። እኔም ሦስቱን አስፈቅዳለሁ ብዬ ቀበሌ ቢሮ ሄድኩ። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ አዳመጠችኝና፣

«አንድ ሰው ይፈቀድልዎታል እናቴ» አለችኝ።

«አንድ ሰው የሚይዘው አንዱን ማዕዘን ነው» አልኳት።

«አዋጁ ስለ ማዕዘን አይልም።»

«ስለ ቁስልስ ይላል?»

«የሚቀጥለው ይግባ» አለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሌባ ሆንን። እህቴ በጓሮ በኩል ትመጣለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ዳቦ እንደምታደርስ ሰው የዳቦ ከረጢት ይዛ ትገባለች። ረዥሙ ካላመነዳሪ፣ ያን የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ አንዳች ነገር ሊጠይቀኝ እንደመጣ ሆኖ ይገባል። መጋረጃውን እንዘጋለን። ቀድሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያልን በጩኸት ነበር የምናነሳው፤ አሁን በሹክሹክታ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቅ ሲመጣባት መጋረጃውን ትነክሳለች። ጎዳና ላይ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ቆጠራችንን አቁመን እናዳምጣለን። ከቤቱ ሁሉ የማይፈራው እሱ ብቻ ነበር። በአራታችን መሃል ተንጠልጥሎ፣ ጣሪያውን እያየ፣ እንደ ሕፃን በእሽሩሩ ደስ ብሎት ይወዛወዛል።

እንዲያ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው በሩ የተንኳኳው።

ከአልጋው ተነስቷል፤ ወንበሩ ጋ አልደረሰም። አራታችንም እጃችን ተይዟል። አፌን እንጂ እጄን ማንቀሳቀስ ስለማልችል በከንፈሬ «ዝም» አልኳቸው። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ሆስፒታሉ ክስ ያለበትን ሠራተኛ አያሰነብትም። መጨረሻ የገባው ደግሞ ረዥሙ ነው፤ በሩን መዝጋቱን ዘጋው እንጂ መቀርቀሪያውን አላስገባውም። አራታችንም ያንን መቀርቀሪያ እያየን ቆምን።

እንደገና ተንኳኳ። «ፖሊስ ነን! ሰው አለ?»

ከሸራው ውስጥ፣ ከታመመ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ጥርት ያለ ድምፅ፣ «ግቡ!» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። በሩ ተከፈተ። አንድ ጎልማሳ ሳጅን እና አንድ ወታደር ገቡ። ገብተው ያዩት አራት ሰው አንድ ቁምሳጥን የሚያህል ሰውዬ በሸራ አንጠልጥሎ ነው።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ ሳጅኑ።

«ጌታዬ» አለ ረዥሙ፣ «ካልተንቀሳቀስን ይወድቃል።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዥዋዥዌ ነው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ፍርሃት ሲይዛት አፏን አትችለውም።

«እንዲህማ አትቁም» አልኩት ወታደሩን፣ «እዚያ ጋ ያዝ!» ወታደሩም ሳያስበው በረዥሙ በኩል ገብቶ ደገፈልን፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ባለቤቴ ወታደሩን በጤናው እጁ መታ መታ አድርጎ «ግቡ» አለው። ምስጋና መሆኑ ነው።

ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው አገኝ ነበር። ስማችንን ጠየቀ፣ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀ፣ ማን ከየት እንደመጣ ጠየቀ፣ ሁሉንም ጻፈ። «የኔ እናት» አለኝ፣ «አዋጅ ነው። እኔ አላወጣሁትም።»

«እናትህ አይደለሁም። ለመሆኑ ቤቴን በምን ገባህ?»

«ግቡ ተብለን ገባን።»

«እሱ ለድመትም ይላል።»

«እኔ ድመት አይደለሁም፤ አንኳኩቼ መልስ ነው የጠበቅኩት» አለ። ቅር ብሎታል።

አራታችንም ተከሰስን። ጉዳዩ እስኪታይ ከተፈቀደልኝ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ቤቴን እንዳይረግጥ፣ ቢረግጥ እንደሚታሰር ተነገረን። ሳጅኑ ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ያ ቀስታው እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የተፈቀደችልኝ አንዷ እህቴ ነበረች፤ እሷ ግን ሥራዋን ፈርታ ቀረች። አልፈረድኩባትም። ዳቦ ጋጋሪዋ በእሷ ፋንታ መጣችና ሁለት ሆነን ሞከርነው። ወደ ጎን እናዞረዋለን፣ ተመልሶ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ ስንስበው ቆዳው ከጨርቁ ጋር ይፋቃል። አንድ ቀን ሳጥበው ጅራት አጥንቱ ላይ ቀይ አየሁ። በጣቴ ጫን ስለው አልነጣም። ከዚያ ቀዩ ጠቆረ። ከዚያ ተከፈተ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ሥራ የለም፤ መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቼ የሱን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ «ግቡ» ይላል፣ እኔ እሮጣለሁ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢም ሲመጣ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው ላብ በላብ ሆኜ ነው የከፈትኩለት።

ፍርድ ቤቱ በነጻ የምትቆም ጠበቃ ሰጠን። ወጣት ናት፣ ትልቅ ቦርሳ ትይዛለች፣ ስትናገር ትቸኩላለች። የቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አስረዳችኝ። አዋጁ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ግን የሰው ቤት ዘልቆ መግባትን አይፈቅድም። ለመግባት የዳኛ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወይ የቤቱ ባለቤት ፈቃድ። እሳትም ጩኸትም አልነበረም፤ ወረቀትም አልያዙም። የቀራቸው ፈቃድ ብቻ ነው።

«ፈቃዱ ፈቃድ ካልሆነ፣ አገባባቸው ሕገ ወጥ ነው። አገባባቸው ሕገ ወጥ ከሆነ ያዩት ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል» አለችኝ።

«አይተዋል እኮ። ወታደሩ ራሱ አብሮ ተሸክሟል።»

«በሕግ ዐይን አላዩም ነው የምልሽ።»

«ሕግ እንዲህ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያልፍ ከሆነ ምነው እስካሁን ሳንተዋወቅ?» አልኳት።

አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «ነገሩ ሁሉ ያ ‹ግቡ› ያለው ላይ ነው የቆመው። አንቺ ዳኛው ፊት አንድ ነገር ብቻ በይ። ባለቤቴ አእምሮው ተነክቷል፣ የሚናገረውን አያውቅም በይ። አለቀ» አለችኝ።

«አእምሮው አልተነካም።»

«እትዬ…»

«ያውቃል። ሁሉን ያውቃል። አሁን እኔና አንቺ የምንለውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ሆኖ እየሰማ ነው።»

«እንግዲያው ካወቀና ግቡ ካለ፣ ፈቅዷል ማለት ነው። ሰዎችሽ አይመለሱም።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተፋጠጥን። እኔ ትምህርት የለኝም፣ ሦስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ከሕጓ ጋር አልከራከርም። ግን ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው፣ አጠገቡ ቆሜ፣ እየሰማኝ፣ «ይሄ ሰው የለም» ልል ነው? አፉን ሕመሙ ወሰደው፤ ጭንቅላቱን እኔ ልውሰድበት? አላደርገውም አልኳት። «ቁስሉንስ?» አለችኝ። ፋሻውን ልቀይርለት ገባሁ።

ቀጠሮው ሲደርስ ዳኛው ባለቤቴን ራሱን ልየው አሉ። ይዛችሁት ቅረቡ ተባልን። ጠበቃዋ ተነስታ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሱን ለማምጣት አራት ሰው አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰብ አለበት» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አየሁ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። በመጨረሻ ዳኛው፣ «እንግዲያስ እኛ እንሄዳለን» አሉ።

መጡ። ከሰዓት በኋላ፣ ቀድሞ እሱን በምናነሳበት ሰዓት ግድም። ዳኛው ሸበቶ ናቸው፣ አፋቸውን ሸፍነዋል፣ መነጽራቸው በትንፋሻቸው ይጉማል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ሰዉን ቆጠሩ፤ ጠበቃዋ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሳጅኑ፣ ጸሐፊው። «ይሄማ ስብሰባ ነው» አሉ። ጸሐፊውና ሳጅኑ ውጭ ቀሩ። ዐቃቤ ሕጉን፣ «አንተ በመስኮት ስማ» አሉት። እኔ መስኮቱን ከፈትኩለት፤ ጭንቅላቱን አስገብቶ እንደ ጎረቤት ፍየል ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ዳኛው በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቆም ብለው አንኳኩ።

«ግቡ» አለ ባለቤቴ ከውስጥ።

«ሰማችሁ» አለ ዐቃቤ ሕጉ በመስኮቱ። «ሲንኳኳ መለሰ። ዝም ብሎ የሚለፈልፍ ሰው ቢሆን ሳይንኳኳም ይል ነበር። ጠያቂ አለ፣ መልስ አለ።»

ዳኛው ገቡ። ባለቤቴ በትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ጠዋት ጢሙን ላጭቼዋለሁ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼዋለሁ። ሽቶ ብቀባውም የቁስሉ ሽታ አልጠፋም። ዳኛው እንደሸተታቸው አወቅኩ፤ ምንም አላሉም። ወንበር ሳብኩላቸው፤ ተቀመጡና በአክብሮት ጠየቁት።

«ያን ቀን ሳጅኑ ሲያንኳኳ፣ ይግባ ማለትዎ ነበር?»

«ግቡ።»

«ወይስ አይግባ ማለትዎ ነበር?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ሲታገል አየሁት። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ግንባሩ ወዛ፣ ከንፈሩ ሌላ ቅርጽ ሊሠራ ሞከረ። «ግ… ግቡ» አለና ጣሪያውን አየ። አፍሯል። እንደ ልጅ እየተፈተነ መሆኑን አውቋል። ከዚያ በኋላ ዳኛው ራስዎን ይነቅንቁ ቢሉት፣ እጄን ይጨብጡ ቢሉት፣ ጣሪያውን እንዳየ ቀረ። ኩራተኛ ነው። እኔን ግትር የሚሉኝ እሱን ስለማያውቁት ነው።

«ምንም ማለት አይቻልም» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ያን ቀን ምን አስቦ እንዳለው የሚያውቅ የለም። ቃሉ ግን ግልጽ ነው።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ፣ ባለቤትዎ የሚናገረውን ያውቃል?»

ጠበቃዋ በዐይኗ ትለምነኛለች። አያውቅም በይ። አንድ ቃል ናት። ከሸሚዙ ሥር ያለው ቁስል ወለል ብሎ ታየኝ፤ ጠዋት ፋሻውን ሳነሳ ጣቴ የገባበት።

«ያውቃል» አልኩ።

ጠበቃዋ ዐይኗን ጨፈነች።

«ካወቀማ…» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«አላለቀም» አልኩት። «የሚለውን ያውቃል፤ የሚያወጣውን ግን አይመርጥም። ልጠይቀው?»

ዳኛው ፈቀዱ። ወደ አልጋው ሄድኩና ከፊቱ ቆምኩ፤ ጣሪያውን ማየት እንዳይችል ጎንበስ አልኩበት። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም። እዚያው ነው የመጣልኝ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ስማኝ» አልኩት። «ደክሞኛል። ብቻዬን አልቻልኩም። ለነዚህ ሰዎች ልስጥህ? ያለ ዘመድ የቀረ በሽተኛ የሚጥሉበት ቦታ ይውሰዱህ? እኔም አልመጣ፣ አልጠይቅህ? እሺ በለኝና ልገላገል።»

ዐይኑ ዐይኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የማሾፍ መስሎት ፊቴ ላይ ቀልድ ፈለገ፤ ሲያጣ ተለወጠ። ራሱን ነቀነቀ። በጤናው እጁ የቀሚሴን ደረት ጨምድዶ ያዘ፤ ያ ጎማ ከቸርኬው ብረት የሚያላቅቅ እጅ። «ግቡ» አለ። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየወዘወዘ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ግቡ!» እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

«ይበቃል» አሉ ዳኛው።

እኔ ግን በመስኮት ያለው ሰውዬ በደንብ አይቶ እንደሆነ አላወቅኩም። ነገሩን ከጀመርኩት ወዲያ ሳይታይ ቢቀር ያስለቀስኩት በከንቱ ነው ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ይውሰዱህ?»

«ግቡ!» ጮኸ። ጮኸ ስላችሁ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ዞሯል። ራሱ አይሆንም ይላል፣ እጁ አይሆንም ይላል፣ ዐይኑ አይሆንም ይላል፤ አፉ ብቻ «ግቡ»።

ዐቃቤ ሕጉ ጭንቅላቱን ከመስኮቱ አወጣ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ጉም ነው ወይ ሌላ አላውቅም። ለጸሐፊው በበሩ በኩል ሲያስጽፉ ሰማሁ። ፈቃድ ማለት እምቢ ማለት የሚችል ሰው የሚሰጠው ነው አሉ፤ እምቢ የሚልበት ቃል የሌለው ሰው እሺ ማለቱ ፈቃድ አይደለም። ሳጅኑ ያለ ወረቀት ነው የገባው፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ያየው ለክስ አይሆንም። አዋጁ እንዳለ ነው፤ ሰው ለመቁጠር ግን የማንም ደጃፍ ያለ ዳኛ ወረቀት አይታለፍም። ክሱ ተዘጋ፣ እግዱም ተነሳ።

ሲወጡ ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ፣ «አላወቅኩም ነበር» አለኝ።

«አሁን አወቅክ» አልኩትና ዘጋሁበት።

ወደ አልጋው ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። «ለነሱ ነው ያልኩት፣ የእውነቴን መሰለህ?» አልኩት። «ሞኝ ነህ እንዴ? የት ልልክህ ነው? ማን ይቀበልሃል፣ ቁምሳጥን!» ትከሻውን ያዝኩ፤ ትከሻው እንደ እንጨት ነው።

በነጋታው ሁሉም መጡ። እህቴ በፊት ለፊት በር መጣች፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ያለ ከረጢት፣ ረዥሙ ያለ ካላመነዳሪ። በሩ ሲንኳኳ ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ምንም የለም። «ቁምሳጥን፣ እንግባ ወይ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ከውጭ። ምንም። ገቡና አነሳነው፤ በሸራው ውስጥ ተንጠልጥሎ ዐይኑን እንደጨፈነ ነው። ቁስሉን አጠብነው፣ አየር አስነካነው። እየቆየ ዳሩ መጠጋጋት ጀመረ፤ ሐኪሙም አይቶ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። እሱ ግን ቃል አላወጣም። ውሃ ሲጠማው ዝም። ሲያመው ዝም። ድመቷ አልጋው ላይ ተኛች፤ አልተቆጣትም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ጠይቂው» አለችኝ እህቴ።

«ለምኑ? ስላዳንኩት?»

«ስላስለቀስሽው።»

«እንደገና ቢመጣ እንደገና አደርገዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ መርፌዬን ሳስኬድ አንድ ነገር ይበላኛል። ሐኪሙ፣ ያለችውን ቃል ያዘውትር፣ ካልተናገራት እሷም ልትሄድ ትችላለች ብሎኝ ነበር። አንድ ነበረችው። በሰው ፊት አውጥቼ፣ ይቺ ዋጋ የላትም ብዬ ያሳየሁበት እኔ ነኝ። ብትሄድስ? በየት በኩል ትመለሳለች?

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሬዲዮ ከፈትኩለት። አልሆነም። ሰው እኔን ግትር ይለኛል!

ከትናንት ወዲያ ከገበያ ስመለስ ቁልፌን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ልገባ አንድ እግሬን አነሳሁና መለስኩት። በሩን መልሼ ዘጋሁ። አንኳኳሁ። የገዛ ቤቴን፣ ያልተቆለፈ በር፣ ዘንቢሌን እግሬ ሥር አስቀምጬ አንኳኳሁ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ከደጃፏ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አታዪም? አንኳኳለሁ።»

«ለይቶልሻል» አለችና ወደ ዳቦዋ ተመለሰች።

አሁንም አንኳኳሁ። ከውስጥ ምንም። ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ደግሜ አንኳኳሁ። አንድ ነገር ጉሮሮ ውስጥ ሲፋቅ ሰማሁ። ቆመ። እንደገና ጀመረ።

«ማ…» አለ። «ማ… ማነው?»

ሁለት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ይህን ቃል ከወደቀ ጀምሮ ብሎት አያውቅም። ቀድሞም ብዙ አይልም ነበር፤ ማንነቱን ሳይጠይቅ ነበር ሰው የሚያስገባው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

መልሼ አንኳኳሁ።

«እኔ ነኝ እኮ። ልግባ?»

ዝም። መስማቱን ሰምቷል፤ አልጋው ሲጢጥ ማለቱን አቁሟል። በሩ አልተቆለፈም፣ ገፋ ባደርገው ይከፈታል፤ ቤቱም የኔ ነው። ዘንቢሉን ወደ ጥላ አስጠጋሁና እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ የሚለኝን ጠበቅሁ።